ለፍጻሜው ጨዋታ የታሰረ ጤና አዳም

የዓለምወርቅ ግጥሙን የሰማችው ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጣ የደጋፊ ሻርፕ ስትዘመዝም ነው። መጋረጃ ሲባል ያው አልጋውንና የስፌት መኪናዋን ከሳሎኑ የሚለየው አበባማ ጨርቅ ነው፤ ዓይን ይከልላል እንጂ ድምፅ ከልክሎ አያውቅም። ከወዲያ በኩል ባሏ መሸሻና ከበሮ መቺው ጌቱ ሶፋው ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይንሾካሾካሉ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ የጉለሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ አለ፤ የዊንጌት ሰፈሩ ድልድይ ማዶ ከቀጨኔው ጽጌ በር። ይህን የሚሰማ ሰው የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ያልፍ ይሆናል። እሱ ዊንጌትን አያውቃትማ! በዚህ ሰሞን እዚያ ሰፈር ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው የዳቦውን መወደድ ትቶ ስለ ድልድይ ማዶ ተከላካዮች ሲሟገት ቁርሱ ያልፍበታል። ባለሱቁ በሩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ሰቅሏል፣ የታክሲ ረዳቶች አንገታቸው ላይ ቢጫ ጠምጥመዋል፣ በትምህርት ቤቱ ደጅ አልፎ የማያውቀው ሁሉ «ልጆቻችን» ይላል። መሸሻ ደግሞ የዚህ ሁሉ ሰው አፍ ነው። በአዘቦት ቀን ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ነው፤ በጨዋታ ቀን ግን አስጨፋሪው መሼ ነው፣ ሜጋፎኑን ካነሳ ሰፈሩ እሱን አይቶ ነው የሚተነፍሰው። ለየፍጻሜው አንድ አዲስ ግጥም ያወጣል። ግጥሟ በተቃራኒው ቡድን ኮከብ ላይ ትወጣለች፣ እስከ ጨዋታው ሰዓት በምስጢር ትያዛለች፣ ከሠመረች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለሠርግ ሳይቀር ትዘፈናለች።

«አትስትም አሉ፣ ምኗ ነው አስማቷ?» አለ መሸሻ በለሆሳስ እያዜመ። ቀጠለና «ጭቃ ከሚያቦኩት...» ብሎ ቆመ።

«ከሚያቦኩት ምን?» አለ ጌቱ።

«እሷ ናት የጠፋችብኝ። 'ጭቃ ከሚያቦኩት ስለተወለደች'... ኤጭ! ቤት አይመታም፣ ይሰነክላል።»

የዓለምወርቅ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። የጽጌ በር ኮከብ ሮሐ ትባላለች፤ የቀጨኔ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ። ከሩቅ ስትወረውር አትስትም። በግማሽ ፍጻሜው ኳሱ ከእጇ በወጣ ቁጥር ቅርጫቱ ውስጥ ሲገባ ያየ የዊንጌት ሰው፣ ልጅቱ ስንት ጠዋት በብርድ እንደተለማመደች ማሰብ ስለማይሆንለት፣ «ዓይኗ ነው» አለና ተገላገለ። ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው የሚባለው ያ ክፉ ወሬ ዛሬም አልሞተም፤ ሰዉ ስማርት ስልክ ይዞ ያወራዋል። የዓለምወርቅ ይሄ ሁሉ ሲወራ ሰምታለች፣ ሰምታም ሻርፗን ሰፍታለች። ባሏ ግን ግጥም ያወጣበታል ብላ አልጠረጠረችም። ሮሐ የእህቷ ልጅ ናት። ይህን መሸሻ አያውቅም። አንድ ልጅ ወልደው ይህን ያህል ዘመን ሲኖሩ እሱ የሚያውቀው «አገሬ ሰሜን ሸዋ ነው፣ እናት አባቴ ሞተዋል፣ ዘመድ የለኝም» ያለችውን ብቻ ነው።

«ዓለሜ! ነይማ እስቲ፣ አንቺ ጆሮ አለሽ» ብሎ ጠራት።

ልማዳቸው ነው። ግጥም ሲጠፋው እሷን ይጠራል፣ እሷ ሰምታ አንዷን ቃል ታነሳና ሌላ ታስገባለች፣ ስንኙ ቀጥ ይላል። ሰፈሩ ከሚዘፍናቸው ግማሾቹ በእሷ እጅ ያለፉ ናቸው፤ በዚህ ነገር ውስጥ ውስጡን ትኮራለች፣ ለምን ይዋሻል። መጋረጃውን ገልጣ ስትቆም ሁለቱም አንጋጠው አዩዋት። መሸሻ እንደገና አዜመላትና «ጭቃ ከሚያቦኩት» ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ጠበቃት። እሷ መጋረጃውን አልለቀቀችም።  ጌቱ ፊቷን ሲያይ፣ «ምን ነካት?» ሊል መሰላት፤ የእናቷን የተሰነጣጠቀ እጅ ፊቷ ላይ የሚያነብ መሰላት።  አሁን አንድ ነገር ካላልኩ ይነቁብኛል አለች በልቧ፤ ያን ጊዜ አፏ እንደለመደው ሠራ።

«ከነዚያ ነው ቤቷ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«'ጭቃ ከሚያቦኩት፣ ከነዚያ ነው ቤቷ።' ይኸው ገጠመልህ።»

ጌቱ ከበሮውን አንዴ ጓ አደረገው። መሸሻ ዘሎ ተነሳና ግንባሯን ሳማት። «አላልኩህም? አላልኩህም ጌቱ? ይቺ ሴት እኮ ወንድ ብትሆን አስጨፋሪነቴን ትቀማኝ ነበር!» «ከነዚያ» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አጣጣማት፤ ስማቸውን እንኳ ለመጥራት እንደመጠየፍ ያለች ቃል ናት፣ እሷ ናት ያሳበደችው። ከዚያ ሁለተኛውን ሐሳብ አወጣ። ሮሐ በወረወረች ቁጥር ደጋፊው ሁሉ ጤና አዳም እያወዛወዘ «ጤና አዳም! ጤና አዳም!» ይላል። ጤና አዳም ዓይን ይመልሳል ይባል የለ፤ አራስ ቤት የሚቀመጠው፣ ሕፃን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ለዚሁ አይደል? ጌቱ በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። መሸሻ ብር አውጥቶ ለየዓለምወርቅ ሰጣትና፣ «ጉልት ያለውን ጤና አዳም ሙልጭ አድርገሽ አምጪልኝ፤ በትናንሹ በቢጫ ክር እሰሪው፣ ለሰው የሚዳረስ» አላት። ተቀበለች። ምን ትበል?

ቡርቱካን ከዊንጌት አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ጉልት ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች። በፊት በአምስት ብር የምታነሳልሽን እስር አሁን ሃያ ብር አስገብታዋለች፤ «ነዳጁ ነው» ትላለች፣ ጤና አዳሙን ከጓሮዋ ቆርጣ በእግሯ እያመጣችው። የዓለምወርቅ ሁሉንም እንደምትፈልግ ስትነግራት ተገርማ፣ «ምነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አራስ ሆነ እንዴ?» አለች። ለጨዋታው ነው ስትላት ገብቷት እየሳቀች ዘንቢሉን ገለበጠችላት። «ጎሽ! ሚስትም እንዳንቺ ነች። እንደው እነሱ ሰዎች... ሸክላቸው ደግ ነው፣ እኔም ድስት የምገዛው ከነሱው ነው፣ ዓይናቸውን ግን ጌታ ያርቀው» አለችና በስተቀኝ በኩል እትፍ እትፍ አለች። የዓለምወርቅም ፈገግ አለች። ይህን ፈገግታ በደንብ ትችልበታለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ቀጨኔን ትታ ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ የለመደችው ፈገግታ ነው። ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ አንዲት ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗ ሲታወቅ ከእሷ ጋር ውሃ የሚጠጣ ጠፍቶ ስታለቅስ አይታለች። ያን ቀን ነው በአፏ ሰሜን ሸዋ የገባችው።

ጤና አዳሙን በማዳበሪያ ከረጢት አስይዛ ከጉልቱ በስተጀርባ ካለው አጥር ጥግ ቆመችና ለእህቷ ደወለች። አስቻለች ታላቋ ናት፤ እስከ ዛሬ እዚያው በቀጨኔ ቁልቁለት ላይ፣ በእናታቸው ቤት፣ ድስትና ምጣድ እየሠራች ትሸጣለች። እህትማማቾቹ የሚገናኙት በየተወሰነ ጊዜ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ነው፤ የዓለምወርቅ «የደም ግፊት መድኃኒቴን ላምጣ» ብላ ትወጣለች፣ ከፋርማሲዎቹ አጠገብ አንዲት ጠባብ ካፌ ገብተው ሻይ ይጠጣሉ፣ አንዳንዴ ሮሐም ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትመጣና አክስቷን ስማ ኬክ ትበላለች። አስቻለች ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሳት አታውቅም። ብትወቅሳት በስንት ጣዕሟ!

«የኔ ዓለም!» አለች አስቻለች ስልኩን እንዳነሳች። ድምጿ ውስጥ ሳቅ አለ። «ምነው በደህናሽ? በዚህ ሰዓት ደውለሽ አታውቂ።»

«ደህና ነኝ እቴቴ። እ... ማለቴ፣ ዛሬ ጨዋታውን ልታዪ ነው እንዴ?»

«ሞቼም አልቀር! ሮሐ 'አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ አይተሽኝ አታውቂም' ብላ ትናንት አለቀሰችብኝ። ድስቶቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነጠላዬን አጥቤ ቁጭ ብያለሁ።»

«ፀሐዩ ከባድ ነው እኮ። ጩኸቱም... አንቺ ደግሞ ጩኸት አትወጂም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ደግሞ ያንቺ ባል ድምፅ እንዴት ያለ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ዛሬ በጆሮዬ ልስማው እንጂ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣ «አይዞሽ፣ አላውቅሽም። ወዲያ ማዶ ነው የምቀመጠው። ከሩቅ አይሻለሁ» አለቻት።

የዓለምወርቅ «እሺ እቴቴ» ብላ ስልኩን ዘጋች። እንዳትመጪ፣ ስምሽን ሊያነሱት ነው፣ ያነሳሁትም እኔ ነኝ፤ ይህችን ማለት አቃታት። ቤቷ ገብታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጤና አዳሙን በትናንሹ እየከፈለች በቢጫ ክር አሰረች። እጇ ፈጣን ነው፣ ቋጠሮዋም አይፈታም፤ ሁለቴ ዞሮ አንዴ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እናቷ የሸክላ ማሰሪያ ገመድ የምትቋጥረው እንደዚያ ነበር። ቤቱ በጤና አዳሙ ሽታ ታፈነ።

ምሳ ሽሮ ነበር፣ እሳት ላይ እንደፈላ በሸክላ ድስቱ የቀረበ። መሸሻ «ሽሮ በሸክላ ካልሆነ አይጥመኝም» እያለ ጠርዙን ሁሉ ጠረገው። ድስቱን የሠራችው አስቻለች ናት፤ የዓለምወርቅ «ከመርካቶ ገዛሁት» ብላ ነው ቤት ያስገባችው። ልጃቸው ሄራን የድልድይ ማዶን ቢጫ ማልያ ለብሳ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሄራን ተጫዋች ናት፤ ሮሐን ያህል አይደለችም፣ ግን ሯጭ ናት፣ ኳስ ትነጥቃለች። ባለፈው ክረምት ሁለቱም ለክፍለ ከተማው ምርጥ ቡድን ተመርጠው አብረው ሰልጥነዋል። ያን ሰሞን የዓለምወርቅ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ከዚያ ግን ልጇ ምንም ሳትል ስትቀር ሮሐ አፏን ዘግታ ነው ብላ ተጽናናች። ዛሬ ሄራን አንድ ሁለት ጉርሻ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች።

«ብዪ እንጂ! በባዶ ሆድ ነው ዋንጫ የሚነሳው?» አላት አባቷ፣ እጁን ሊታጠብ እየተነሳ።

ሄራን አባቷ ወደ ውጭ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ግድግዳው ጥግ የተቆለለውን ጤና አዳም እያየች፣ «እማዬ፣ የአባዬን ግጥም ሰማሽው?» አለች።

«ሰማሁት።»

«እና?»

«ምን እና? የደጋፊ ነገር ነው፣ በቃ። ነገ ይረሳል።»

ሄራን እናቷን ትክ ብላ አየቻት። አንድ ነገር እንድትጨምር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። የዓለምወርቅ ድስቱን አነሳች፣ ሳህኑን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የተወለወለውን ደግማ ወለወለች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ጨዋታው በወጣት ማዕከሉ ሜዳ ላይ ነው፤ ከላይ ጣሪያ የለውም፣ በግራና በቀኝ ሲሚንቶ ደረጃ አለው። በዚህ በኩል ቢጫው ጢም ብሏል። በዚያ በኩል የጽጌ በር ሰዎች ሰማያዊ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ቁጥራቸው አነስ ይላል፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡ። የዓለምወርቅ እህቷን ወዲያው ለየቻት። ከፊት ረድፍ ላይ ናት። ነጠላዋ እውነትም ታጥቧል፣ ጉልበቷ ላይ የሃይላንድ ውሃ ይዛለች፣ ለልጇ መሆኑ ነው። አስቻለችም አየቻት። አልሳቀችም፣ እጇንም አላነሳችም፣ ቃሏን አክብራ ዓይኗን መለሰች።

እስከ መጨረሻው ሩብ ድረስ ግጥሙ አልተለቀቀም። መሸሻ አዋቂ ነው፤ ትልቁን ነገር መጀመሪያ ላይ አያባክንም። የድሮዎቹን እየጠራ፣ ከበሮውን እያስጎሰመ፣ ደጋፊውን ሲያስነሳ ሲያስቀምጥ ቆየ። ሜዳው ላይ ሮሐ የምትሠራውን ትሠራለች። ከሩቅ ትቆማለች፣ ጉልበቷን ትንሽ ታጥፋለች፣ ትለቀዋለች፣ ይገባል። ሄራን እግር በእግር ትከታተላታለች፤ ሁለቱ ሲተሻሹ ረጃጅም ጣቶቻቸውን ያየ ሰው፣ ልብ ቢል ኖሮ፣ ብዙ ነገር ያውቅ ነበር። ማን ልብ ይበል! ሰዉ የሚያየው ሰሌዳውን ነው። ጽጌ በር መምራት ሲጀምር ቢጫው በኩል ጉርምርምታ ሆነ፣ ያን ጊዜ መሸሻ ሜጋፎኑን አነሳና ጤና አዳሙን አስወጣ።

«አትስትም አሉ፣ ምኗ ነው አስማቷ?
ጭቃ ከሚያቦኩት፣ ከነዚያ ነው ቤቷ!»

«ጤና አዳም! ጤና አዳም!» አለ ሜዳው። አረንጓዴው ቅጠል በአንድ ጊዜ ሲወዛወዝ ሽታው እስከ ማዶ ሄደ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ ከዚያ ሳቁ ዜማ ሆነ፣ ከዚያ ዜማው ያለ ከበሮ የሚሄድ ሆነ። የስፖርት አስተማሪው ይስቃል። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። መሸሻ ላቡን በሻርፑ ጠርጎ ወደ ደረጃው ዞረና ደስታው አላስችል ብሎት በሜጋፎኑ ጮኸ፤ «ይቺን ቤት የመታቻት ባለቤቴ ናት! ዓለሜ! ተነሺ ይዩሽ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጎኗ የተቀመጠችው ሴት ብብቷ ስር ገብታ አነሳቻት። አንዱ ጤና አዳም እጇ ውስጥ አስገባላት። የዓለምወርቅ ቆመች፤ ፊት ለፊቷ፣ ከሜዳው ማዶ፣ እህቷ በቀጥታ ታያታለች፣ ሜጋፎኑ ያለውን ማዶውም እኩል ሰምቷል። ቁጭ ማለት ትችል ነበር። ራሴን አዞረኝ ማለት ትችል ነበር። ደም ግፊት አለባት፣ ማን ይፈርድባታል? ግን እንደ ጠዋቱ ሁሉ ሰዉ አፏን የሚያይ መሰላት፣ እናም ጤና አዳሙን ይዛ አጨበጨበች። ፈገግ ብላ አጨበጨበች። አስቻለች የውሃውን ጠርሙስ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው።

ልክ ያን ጊዜ ሮሐ ላይ ጥፋት ተሠራና ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጣት። ልጅቷ ኳሱን ይዛ መስመሩ ላይ ቆመች። እሷ የቅጣት ውርወራ ስታ አታውቅም። ቅርጫቱን ሳይሆን ቢጫ የለበሰውን ደረጃ አየች፤ እዚያ አክስቷ ቆማለች። ወረወረች፣ የቀለበቱን ጠርዝ ነክቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሁለተኛውን ወረወረች፣ ቀለበቱን እንኳ አልነካም። ቢጫው አበደ። ከዚያ በኋላ ሮሐ አንድም ነጥብ አላስገባችም፤ አሰልጣኟ አስወጥቶ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ ጣለባት። ድልድይ ማዶ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ሰው ሜዳ ሲገባ፣ መሸሻ በሰው ትከሻ ላይ ሲወጣ፣ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የዓለምወርቅ ማዶውን ፈለገች። ውሃው እንደተቀመጠ አለ፣ እህቷ የለችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገቡ። መሸሻ ድምፁ ተዘግቷል፣ ፊቱ ያበራል፣ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ እግሩን ያሽ ነበር። ሰፈሩ ዋንጫውን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ ነው፤ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል፣ ወደዚህ መምጣቱ አይቀርም። ሄራን ገባች። አልቅሳ ታጥባ እንደሆነ ዓይኗ ያስታውቃል። ሜዳልያዋን ከአንገቷ አወለቀችና የእናቷ ስፌት መኪና ላይ አስቀመጠችው።

«ነይ የኔ ጀግና! አባትሽን ሳሚው እንጂ!» አለ መሸሻ።

ሄራን ወደ እሱ አልሄደችም። ወደ እናቷ ዞራ፣ «ሮሐ ስንጨባበጥ፣ 'አክስቴን ሰላም በይልኝ' አለችኝ» አለች።

«የማንን አክስት?» አለ መሸሻ እየሳቀ።

«የራሷን። እማዬን።» አባቷን ዞራ እንኳ አላየችውም። «ክረምት ነው የነገረችኝ። እኔ ደግሞ ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ምሳ ላይ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር፣ እማዬ። ቢያንስ ዛሬ።»

ከበሮው ቀረብ ብሎ ተሰማ። መሸሻ ሚስቱን አየ፣ እንድትስቅለት፣ «ልጄ ቀልድ ጀመረች» እንድትለው። የዓለምወርቅ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። እድሜዋን ሙሉ የፈራችው ሰዓት ይኸው መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ከፍርሃቱ ያነሰ ሆኖ አገኘችው።

«እውነቷን ነው» አለች። «ሰሜን ሸዋን አላውቀውም። ቀጨኔ ነው የተወለድኩት። የሮሐ እናት አስቻለች የናቴ ልጅ ናት። ያ ሽሮ የምትበላበት ድስት የእሷ ሥራ ነው።»

መሸሻ እግሩን ከሶፋው ላይ አወረደ። ዓይኑ ከሚስቱ ፊት ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ማድ ቤቱ በር ሄዶ ተመለሰ። የዓለምወርቅ ይጮሃል ብላ ጠበቀች፣ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። ከልቧ ጥግ ደግሞ፣ ምስኪን፣ «ታዲያ ምነው ጠዋት ዝም አልሽ? ባውቅ እኮ አልልም ነበር» ይለኛል ብላ ጠበቀች።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለ።

«ማንም።»

«ጌቱስ?»

«ማንም አልኩህ እኮ!»

«ደግ። ማንም እንዳይሰማ» አለና ተነሳ። ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠመጠመ፣ ሜጋፎኑን አነሳ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን የአስጨፋሪ ፊት አድርጎ ወጣ። «መሼ! መሼ!» የሚለው ጩኸት ቤቱን ሞላው።

የዓለምወርቅ ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች። እሱ የግጥም ድሃ አይደለም፤ ሌላ ስንት አለው፣ ግማሹ እኮ በእሷ እጅ ያለፈ ነው፣ አንዷን ብቻ ቢዘላት ይበቃት ነበር። መጀመሪያ የድሮ አነሳ። ዘለላት አለች በልቧ። ወዲያው ግን ወጣቶቹ «እሷን አይደለም! ያቺን! የባለቤትህን!» እያሉ ጮኹበት። ከበሮው ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ የተዘጋው ድምፁ በሜጋፎኑ ወጣ፤ «አትስትም አሉ፣ ምኗ ነው አስማቷ?» ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ ጠበቅ አድርጎ አለው፣ ማንም እንዳይጠረጥረው። መንገዱ ተቀብሎ ጨረሰለት።

ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። ሄራን «ወዴት ነው?» ስትላት አልመለሰችም። በሩን ከፍታ ስትወጣ ቢጫው ሕዝብ አይቷት በእልልታ ተቀበላት። መንገድ ከፈቱላት፣ ግራና ቀኝ ሆነው የራሷን ቃል እየዘፈኑላት በመሃል አሳለፏት። መሸሻ ሜጋፎኑን እንደያዘ ያያታል። ጌቱ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊቷ ቆመና፣ «እትዬ የዓለም፣ በዚህ ደስታ ላይ ወዴት ነው?» አላት።

«ቀጨኔ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ። «እህቴ ቤት። እኔም ከነዚያው ነኝ።»

 ጌቱ የከበሮ መምቻውን እንዳነሳ ቀረ። ሁሉም ወደ መሸሻ ዞሩ። እሱ የሚያደርገውን ለማድረግ ይጠብቃሉ፣ ሁልጊዜም እንደዚያው ናቸው። መሸሻ ሚስቱን አየ። ሜጋፎኑን አንዴ ዝቅ አድርጎ መልሶ አነሳው፣ ልብ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ከት ብሎ ሳቀ። «አላልኳችሁም?» አለ በሜጋፎኑ። «ይቺ ሴት ቀልዷ አያልቅም!»

መንገዱ በሳቅ ተናጋ። የእሷ ቃል የቀኑ ምርጥ ቀልድ ሆነ፤ ከኋላ ላልሰሙት «ከነዚያው ነኝ አለች እኮ!» እያሉ አቀበሉላቸው። ጌቱ እንባው እስኪመጣ ስቆ ከኪሱ ጤና አዳም አወጣና፣ «እንግዲያማ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ እነዚያ ሰዎች ጋ ያለዚህ አይኬድም!» ብሎ እጇ ውስጥ አስጨበጣት። ጠውልጓል። ቢጫው ክር ግን አልተፈታም፤ ሁለቴ ዞሮ አንዴ ወደ ውስጥ የገባ የራሷ ቋጠሮ ነው። የዓለምወርቅ እሱን እንደያዘች ወደ ታክሲው ወረደች፣ ሳቁ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኛት።